ጎማ ያለው ሁሉ

ሰኞ

ዘጋሁት። ባሌ አሊ ወደ መስኖው እንደወረደ እሾህ ጎትቼ በማንጎ ማሳችን ጠርዝ የሚያልፈው መንገድ ላይ ጣልኩበት። እግረኛ በጎን ያልፋል፤ የከድጃ ባጃጅ ግን አያልፍም።

ምን አድርጋኝ ነው? ምንም። አብሮ አደጌ፣ ድንበርተኛዬ ናት። ባጃጅ ገዛች፣ ራሷ ትነዳለች፣ ከመንደራችን መርሳ ከተማ ድረስ ሰው ታመላልሳለች። ይሁን፣ ትንዳ። ትናንት ግን ባሌ እራቱን እየበላ "ከድጃ እኮ ወንድ ናት!" አለ። እኔን፣ ውሃ ስጠልፍ፣ ማንጎ ስለቅም የምውለዋን፣ አንድ ቀን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። እራቴን ትቼ ተነሳሁ።

ማክሰኞ

ከሰሰችኝ። ሸህ ኑሩ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ዋርካው ሥር ተቀመጥን። የቀበሌው የመሬት ባለሙያም መጣ። እሱ ደግሞ ነገሩን አከበደው፤ "መጀመሪያ መንገድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንስማማ" አለ። ሰው የረገጠው ሁሉ መንገድ ከተባለ የሰው ጓሮም መንገድ ሊሆን ነው። መኪና የሚሄድበት ብቻ ከተባለ ደግሞ በሰፈራችን መንገድ የሚባል የለም።

ከድጃ "አያቶቻችን የሄዱበት ነው፣ የሁላችንም ነው" አለች። እኔ ዝም እላለሁ? "ሸህዬ፣ አንቱ ያውቃሉ፤ አያቶቻችን በእግራቸው ነው የሄዱበት። የእግር መንገድ ነው። እግር ይለፍ፣ ጎማ ያለው ሁሉ አይለፍ!" አልኩ።

ሸህ ኑሩ አሰብ አደረጉና "እንግዲያው ዘሀራ እንዳለችው ይሁን" አሉ። ዱአ ተደረገ፣ ሁላችንም አሚን አልን። በዱአ የታሰረ ነገር እንደዋዛ አይፈታም። ዛሬ እራቴ ጣፈጠኝ።

ረቡዕ

ባጃጇን አስፋልቱ ዳር ሻይ ቤቱ ጋ አቁማ በእግሯ ትመላለሳለች። ተሳፋሪዎቿም አብረዋት እየሳቁ ይሄዳሉ። ለምን አልከፋትም? ጫማዋም አዲስ ነው።

አሊ አኩርፏል። "ምን ሆነሽ ነው?" ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ

ጉድ ሆንኩ። ነጋዴው ደወለ፤ መኪናው ቅዳሜ ረፋድ ላይ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ማንጎ ይጭናል። አሊ ያን በእጅ የሚገፋ ጋሪያችንን አውጥቶ ጎማውን መንፋት ጀመረ። ጎማ! በየዓመቱ ማንጓችንን አስፋልት የሚያደርስልን ጋሪ፣ ለካ ጎማ አለው። የእሷን ባጃጅ ብቻ እያየሁ የራሴን ረሳሁ።

"ግፋው በቃ፣ ማን ያየናል?" አልኩት።

"አሚን ያልሽው አንቺ አይደለሽ?" ብሎ ፓምፑን ወረወረው።

አህያችን ሰሞኑን ወልዳለች፣ ጭነት አትችልም። የጎረቤት አህያ ሁሉ የየባለቤቱን ማንጎ ያመላልሳል። የተለቀመው ማንጎ ደግሞ ከእንግዲህ አይጠብቅም፤ ይህ መኪና ካመለጠን የዓመት ልፋታችን ዛፉ ሥር ይበሰብሳል።

ዓርብ

ከጠዋት ጀምሮ በጀርባችን ስንሸከም ዋልን። ወገቤ ተቆረጠ፤ ክምሩ ግን የተነካም አይመስል። አሊ ከጁምዓ ሲመለስ ከድጃ ተከትላው መጣች። አንዱን ጆንያ ብድግ አድርጋ ጀርባዋ ላይ ጣለችና ፊቴ ቆመች።

"ዘሀራ፣ እኔ ጎማ የለኝም። ልለፍ?"

ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው ግን አሊ ከኋላዋ "አይ ከድጃ!" እያለ ሲያደንቃት ሰማሁና ፊቴን አዞርኩ። ያው ነኝ። ጆንያውን ግን አላስወረድኳትም።

ከአስር ሶላት በኋላ ሸህ ኑሩ ዘንድ ሄጄ "መንገዱን ይክፈቱልኝ" አልኳቸው።

"ነገ በጠዋት እንቀመጥና በዱአ የታሰረውን በዱአ እንፈታዋለን" አሉኝ። "ግን ለምን እንደዘጋሽው በሁላችንም ፊት ትናገሪያለሽ።"

"የእግር መንገድ ስለሆነ..." ብዬ ስጀምር እጃቸውን አነሱ። "እሱንማ ሰምተናል፣ ልጄ።"

እንግዲህ ያለኝ መልስ አንድ ነው። ቀናሁ። ለከድጃ ብቻ ቢሆን እነግራታለሁ፤ እሷ ድሮም ሳታውቅ አትቀርም። ነገር ግን አሊም እዚያው ይቀመጣል። ባሌ ሌላ ሴት ቢያደንቅ ቀንቼ መንገድ ዘጋሁ ብዬ በሽማግሌ ፊት እንዴት አድርጌ ልናገር? ካልተናገርኩ ደግሞ ጋሪው አይወጣም።

እሾሁን ዛሬውኑ አንስቼዋለሁ፣ እጄን ወጋግቶኛል። የነገውን ግን እንጃ።