የጉድጓድ ቆፋሪው ስም ከዋቢዎች ዝርዝር ስለመውጣቱ

ለተከበሩ የመመረቂያ ጽሑፎች ፎርማት ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ለቀይ እስክሪብቶዎም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። ስለ ከርሰ ምድር ውኃ የጻፍኩትን የማስተርስ ጽሑፍ አራት ጊዜ መልሰው ትዕግሥት ስላስተማሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሆኖም ሆዴ ውስጥ የቀሩ ጥቂት ነገሮች አሉ።

1ኛ. ትምህርት ክፍላችን የምንጩ ዓመት በቅንፍ ይግባ አለ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ከግርጌ ይውረድ አለ፤ የእርስዎ ቢሮ ደግሞ ሁለቱንም ሰርዞ በቁጥር ተካው። ሦስታችሁም ያላችሁት አንድ ኮሪደር ላይ ነውና አንድ ቀን ሻይ ስትጠጡ ብትነጋገሩበት ብዬ ማሰቤ ድፍረት ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

2ኛ. አባቴ አርባ ዓመት የውኃ ጉድጓድ ቆፍሯል። የአፈሩን ቀለም አይቶ፣ አሽትቶም፣ ውኃው በስንት ክንድ እንደሚገኝ ይናገራል፤ የጽሑፌ ሦስተኛ ምዕራፍ በሙሉ ከእርሱ አፍ የሰማሁት ነው። ስሙን ከዋቢዎች መካከል ባስገባ፣ አሳታሚም ገጽም የለውምና ይውጣ፣ የታተመ ምንጭ ይፈለግ ብለው ጻፉበት። እኔም ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ወጣሁ።

3ኛ. ደግነቱ ተገኘ። አማካሪዬ በመስክ ጉብኝት ጊዜ አባቴ ዘንድ ሁለት ቀን ተቀምጠው ማስታወሻ ሲይዙ ነበር፤ የወሰድኳቸውም እኔው ነኝ። አምና የአባቴን ቃል ከነምሳሌው በራሳቸው ስም በመጽሔት አሳትመውታል፤ አባቴ እዚያ ውስጥ «አንድ የአካባቢው ነዋሪ» ነው። እርሳቸውን ጠቅሼ ስመጣ እርስዎ «አሁን ተስተካክሏል» ብለው ፈረሙልኝ። ስለዚህ አባቴ ያስተማረኝን ከአማካሪዬ ያገኘሁት አስመስዬ አስረክቤያለሁ፤ እምቢ ብል ዓመቱ ያልፈኝ ነበር። በእርስዎ ተናድጃለሁ፤ በራሴ ግን አፍሬያለሁ።

የነጠላ ሰረዝን ቦታ ጠንቅቆ ለሚያውቀው ኮሚቴዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ የዕውቀቱ ባለቤት ማን እንደሆነም አንድ ቀን ጊዜ አግኝቶ እንዲያጣራ እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

የጉድጓድ ቆፋሪው ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የተጠረዘውን ቅጂ ቤት ወስጄው ነበር። አባቴ ዓይኑ ስለደከመ ስሙ የቱ ጋ እንዳለ እንዳነብለት ጠየቀኝ። የአማካሪዬ ስም የተጻፈበት መስመር ላይ ጣቱን አሳርፌ የእርሱን ስም ከነአያቱ አነበብኩለት። ይህ የሐሰት ጥቅስ በመመሪያዎ በስንተኛው አንቀጽ እንደሚያስቀጣ ቢያሳውቁኝ ቅጣቴን በትሕትና እቀበላለሁ።