በቀኝ ዓይኔ ስላስገቡልኝ ሌንስ

ማክሰኞ፣ የካቲት 11። ከጠዋት እስካሁን፦ አምስት ደንበኛ፣ ሦስት ቁራጭ ጨርቅ፣ አንድ ስህተት።

ክቡር ዶክተር፣

እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎስ ደህና ነው? እኔ ካከሙኝ ዓይን በቀር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ሁሉም እንዲያነበው በግልጽ የጻፍኩት ክሊኒክዎ ብመላለስ “ይለምዱታል” ከሚል ቃል ሌላ መፍትሔ ስላጣሁ፣ ተራ ይዘው የተቀመጡትም ሰዎች ከወዲሁ መልመድ እንዲጀምሩ ብዬ ነው።

አንደኛ፦ የዓይን ሞራዬን አውጥተው ቅርቡንም ሩቁንም ባንዴ የሚያሳይ ሌንስ ስላስገቡልኝ አመሰግናለሁ። ሐሰት አልናገርም፤ የዋጋ ወረቀት ያለ መነጽር አነባለሁ። ማታ ሱቅ ዘግቼ ስወጣ ደግሞ መኪናው ሁሉ መብራቱ ላይ የብርሃን ቀለበት አጥልቆ ይቀበለኛል። እንዲህ ያለ አቀባበል ለሚኒስትርም የሚደረግ አይመስለኝም፤ እኔ ግን መንገድ የምሻገረው የእህቴን ክንድ ይዤ ነው።

ሁለተኛ፦ እንደሚያውቁት የምኖረው ጨርቅ ሸጬ ነው። ዛሬ ጠዋት አንድ አባት ለልጁ ሠርግ ልሙጥ ጥቁር የኮት ጨርቅ ጠየቀኝ፤ ቆርጬ ሰጠሁት። በር ላይ ወጥቶ ሲያየው ጥቁር በጥቁር መስመር ያለው ሆኖ አገኘው። “እትዬ፣ ደክሞዎት ነው እንዴ?” ብሎ አዘነልኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ብርሃኑን ለቅርብና ለሩቅ የሚያካፍል ሌንስ፣ ደብዘዝ ባለ ቤት እንዲህ ያለውን ነገር አጥርቶ እንደማያሳይ የነገሩኝ ዓይኔ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። እርስዎ ሱፍ ሲገዙ ግን እኔ መቀሱን ሳላነሳ ጨርቁን በር ድረስ አውጥቼ በፀሐይ ነበር የማሳይዎት።

ሦስተኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሱኝ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ስጠራጠር እጄን ይዘው “እትዬ፣ ለወለደችኝ እናቴ የማስገባላትን ነው የማስገባልዎት” አሉኝ። የፈረምኩት ይህን ቃል አምኜ ነው። ባለፈው ሐሙስ እናትዎ መጋረጃ ሊገዙ መጡና ከቦርሳቸው የማንበቢያ መነጽር አወጡ።

“እርስዎም ሞራ ተሠርተው የለም እንዴ?” አልኳቸው።

“ተሠርቻለሁ እንጂ! ልጄ እኮ ተራውን ሌንስ ነው ያስደረገልኝ። ‘ሌላው ማታ ማታ ይረብሽሻል፤ ላንቺ መነጽሩ ይሻልሻል’ አለኝ” አሉኝ፣ በልጃቸው እየኮሩ።

እሳቸው ምን አጠፉ? መጋረጃውን አጥፌ ሰጠኋቸው። ዶክተር፣ አለማወቅዎን ይቅር ልልዎት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ማወቅዎን ግን ምን እንደማደርገው ጨነቀኝ።

አሁን ደግሞ ለግራ ዓይኔም ያንኑ ሌንስ አዘጋጅተው ቀጠሮ ልከውልኛል። ስለ አሳቢነትዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ግራ ዓይኔን ግን አልሰጥዎትም፤ ሱቄን የማቆይበት የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።

እጅዎ እንዳይዝል፣ ወረፋዎ እንዳይጎድል እየተመኘሁ፣
ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የኮት ጨርቅ ሻጭዎ የነበርኩት

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናትዎ የተሠሩበትን ክሊኒክ አድራሻ ከራሳቸው ተቀብያለሁ፤ የእርስዎ አለመሆኑ ትንሽ አስገርሞኛል። ነገ በሦስት ሰዓት እዚያ እሄዳለሁ። ሱቁን እህቴ ትከፍታለች።