ካውያውን የት ልጫነው?

ሳቂታዋ ጓደኛዬ፣ እንዴት ከረምሽልኝ? ፖስት ካርዷ ጠባብ ናትና አንዱን ብቻ ላጫውትሽ። ልብስ ስፌት በምማርበት ሱቅ ጣልያንኛዬ ለማንም አይገባም ነበር። ልጅ ሆነን ፊደል እንደቆጠርነው የቃሉን ድምፅ ሁሉ እኩል ነበራ የምጠራው! ባለቤትየዋም "አፍሽ እስኪፈታ ከጓዳ እንዳትወጪ" ብላኝ ነበር። ልብስ የምትተኩሰው ሴትዮ ግን አሳዘንኳትና "ይጠብቃሉ" የሚለውን የጣልያንኛ ግስ ቁራጭ ጨርቅ ላይ በጠመኔ ከፋፈለችልኝ፦ አስ-ፔት-ታ-ኖ።

"ልጄ፣ ካውያሽን 'ፔት' ላይ ጫን አድርጊው፤ የቀሩትን ዳበስ እያደረግሽ እለፊያቸው" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሸሚዝ ስተኩስ እንፋሎቱና እኔ "ፔት!" ላይ አብረን ቱፍ እንላለን።

ዛሬ ደንበኞች ገብተው ቆመው ሳይ፣ ወደ ፎቁ አንጋጥጬ "አስፔታኖ!" ብዬ ተጣራሁ። ባለቤትየዋ በሩጫ ወረደች። የጠራኋት እኔ መሆኔን ስታውቅ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ሜትሯን ከአንገቷ አውልቃ እኔ አንገት ላይ አጠለቀችውና ከጓዳ አውጥታ ደንበኞቹ ፊት አቆመችኝ።

ቦታ አለቀብኝ! እማዬን፣ እህቶችሽን፣ ያን ነዝናዛ ወንድሜንም ሳሚልኝ። እዚህ "ቤተሰቦችሽስ?" ሲሉኝ የምመልሰው ያንኑ ቃል ነው። አሁን ሁሉም ይገባቸዋል።