ጭጋግ ውስጥ የሞላሃቸው ጥይቶች

ሩዲ ወንድሜ፣

እግዜር ይመስገን፣ ተርፌያለሁ! የእርሻው ባለቤት ጋሽ ጎትሊብ «እኔ ጋ መጀመሪያ የኢላማ ጣውላ ሳይመታ አጋዘን የሚያድን የለም» ብለው ፀሐይ ላይ አቆሙኝ። በእጅህ ባሩድ ከሞላሃቸው ጥይቶች አንዱን ተኮስኩ። ጠመንጃው ትከሻዬን ነቀለው፤ መዝጊያውን በመዶሻ መትተን አስከፈትነው። ጋሽ ጎትሊብ ቀለሁን አገላብጠው አዩና «ይሄን የሞላው ሰውዬ የት ነው የሚኖረው?» አሉኝ።

«ስዋኮፕሙንድ፣ ጭጋጋሙ ባሕር ዳር።»

«በል ንገረው! እናንተ ብርድ ውስጥ የለካችሁት ባሩድ እዚህ ሙቀት ውስጥ ያብዳል፤ ጠመንጃውን ፊት ላይ ያፈነዳዋል።»

የራሳቸውን ጠመንጃና ጥይት አዋሱኝ። አጋዘኑ በአንድ ተኩስ ወደቀ፤ ቋንጣውን አመጣልሃለሁ። ኤልፍሪዴንና ልጆቹን ሳምልኝ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ በረሃው ለአደን ስትወጣ ከእነዚያ ጥይቶች አንድም እንዳትይዝ፣ ሰማህ? ስመጣ በሁለቱም ዓይንህ እንድታየኝ እፈልጋለሁ።