ለአባባ እጅ የሚሆን እንጨት

የካቲት 18፣ ከሰዓት በኋላ

ዛሬም ሁለት መስመር ብቻ። ሁለተኛው ጠማማ። አባባ ብራናውን ከጉልበታቸው አንስተው ወደ መስኮቱ አስጠጉት። አዩት፣ አዩትና ጠማማውን በካራ ፋቁት። እሳቸውን ሳይ ወጡ አረረብኝ።

ማስታወሻዬ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን አንቺ ብቻ አታውቂም። በልጅነቴ ታምሜ ልሞት ስል አባባ ለቅ/ጊዮርጊስ ተሳሉ። ልጄን ከተውክልኝ በገዛ እጄ የጸሎት መጽሐፍ በብራና ጽፌ አገባልሃለሁ አሉ። እኔ ዳንኩ። አደግኩ፣ አስተማሪ ሆንኩ፣ እናቴ ስትሞት እዚሁ ሰፈራችን ት/ቤት ተዛውሬ መጣሁ። አባባ ግን የሰው መጽሐፍ ሲጽፉ፣ ሲያርሱ፣ እናቴን ሲያስታምሙ የራሳቸው ስለት ወደ ኋላ ቀረ። አሁን አብዛኛው ተጽፏል። እጃቸው ግን ይንቀጠቀጣል። መስመሩን እንኳ ካምና ጀምሮ የማሰምርላቸው እኔ ነኝ። ለሚያዝያ 23፣ ለንግሡ፣ ካልደረሰ ለከርሞ ይደርሳል የሚል ሰው የለም። እሳቸውም አይሉም።

የካቲት 20

ጠረጴዛ ላሠራልዎ አልኳቸው። ተቆጡ። ጸሐፊ በጉልበቱ ነው የሚጽፈው፤ አባታቸውም መምህራቸውም እንዲያ ነበሩ። ጠረጴዛ የቀበሌ ነው አሉኝ። ጉልበትዎ ራሱ ይንቀጠቀጣል፣ እጅዎ ምን ላይ ይረፍ አልኩ። አፌን በቆረጠው።

ማታ ራታቸውን በልተው ሲያበቁ፣ ዝቅ ያለ ይሁን አሉ፤ በርጩማ ላይ ነው የምቀመጠው። እሺ ማለታቸው ነው።

እንግዲህ ዝቅ ያለ። ሁለቱን ክርን የሚያሳርፍ ሰፊ። ከሁሉም በላይ ንቅንቅ የማይል።

የካቲት 24

ባህር ዛፍ። ሌላ ምን አለን? ከጓሯችን አንዱን አስቆረጥኩ። አናጺው ደምሴ መጣ። ጨረቃ ስትጠፋ ነው ያስቆረጥሽው ወይ አለ። ጨረቃ የምጠብቅበት ጊዜ የለኝም አልኩት። ሳቀብኝ። ጥላ ውስጥ ሁለት ወር ይቆይ አለ። ሁለት ወር! ንግሡ ሁለት ወር አይሞላውም። አሰነጠቅኩትና ምድጃው አጠገብ አቆምኩት፣ ቶሎ እንዲደርቅ።

መጋቢት 1

ሳንቃው እንደ ኮርቻ ጎበጠ። አንደኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰነጠቀ። ደምሴ ጨረቃዋን ይወቅሳል፣ እኔ ምድጃውን። ጥፋቱ ግን የኔ ጥድፊያ ነው። ለማገዶ ፈለጥኩት።

መጋቢት 6፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ሞላሌ ከተማ ወርጄ ቺፑድ ገዛሁ። ላዩ የሚያብለጨልጭ፣ ለጥ ያለ። በአውቶብሱ ጣሪያ ላይ አስጭኜ መጣሁ። ሰው ሁሉ ቁም ሳጥን ልታሠራ ነው አለ።

ደምሴ እግር ገጠመለት። አባባ ተቀመጡ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ጠረጴዛውም ተከትሎ ይንቀጠቀጣል። ጉልበታቸው ይሻል ነበር። ብራናው ላዩ ላይ ይንሸራተታል። አባባ እንዳያሳፍሩኝ ብለው ግማሽ መስመር ጻፉ። እንዲያውም ይበልጥ አፈርኩ።

መጋቢት 9

የበልጉ ዝናብ ሌሊቱን ወረደ። ጣሪያው ያፈሰው እዚያው ላይ። ቺፑዱ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ አደረ። ሰማዩ አለቀሰ እንጂ ዘነበ አይባልም። ማን አብሮት እንዳለቀሰ አልጽፍም።

መጋቢት 13

ድንጋይ! እንዴት እስከ ዛሬ አልመጣልኝም? መንዝ ተወልጄ ድንጋይ ይጥፋኝ? ከፈረሰው የአያቴ ቤት ለጥ ያለ ጥቁር ድንጋይ አገኘን። ጎረቤቶች በወሳንሳ፣ አስከሬን በሚወጣበት ቃሬዛ፣ ተሸክመው አመጡት። መንገደኛ ቆቡን አውልቆ ማን ሞተ አለ። ሳቅን። አባባም ሳቁ።

ድንጋዩ ንቅንቅ አይልም። አባባ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፉ። አንድ ገጽ፣ ማስታወሻዬ! ፊደላቸው ልጅ ሆኜ የማውቀው ሆነ። ደስታዬ የሚቻል አይደለም።

መጋቢት 17፣ ጠዋት

ውርጭ። ድንጋዩ እንደ በረዶ ነው። የአባባ ጣቶች ጠቁረው አልዘረጋ አሉ። በብብቴ ይዤ አሞቅኳቸው። የሱፍ ባና ላነጥፍበት አልኩ፤ ከለሰለሰ ብዕሩ ብራናውን ይወጋዋል አሉ። ሳል ጀምሯቸዋል። ድንጋዩ ወጥቶ ደጅ ተቀመጠ። ስጠላው!

መጋቢት 21

አባባ ዛሬ በከዘራቸው ወደ ቆጡ ጠቆሙ።

የጠቆሙት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ አይቆረጥም። ነፋስ የጣለውን ግን ደብሩ ለረጅም ዘመን አገልጋዮቹ ይሰጣል፣ ለሬሳ ሳጥን እንዲሆናቸው። ለአባባም የጥድ ሳንቃ ተሰጥቷቸዋል። ወፍራም፣ ሰፊ። እናቴ ሳትሞት ጀምሮ ቆጥ ላይ ነው። ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም።

እምቢ አልኩ። ወጥቼ ከበረቱ ጀርባ ቆምኩ። ብርዱ ወደ ቤት ሲያስገባኝ አባባ ቃላቸውን አልለወጡም። አባቴ በሰሌን ተጠቅልሎ ነው የተቀበረው አሉ። ከዚያ ይህን አሉኝ፣ እንዳለ ልጻፈው፦ «እኔም በሰሌን እሄዳለሁ። ስለት ግን ሰሌን ላይ አይጻፍም።»

መጋቢት 22

ደምሴ ሳንቃውን ሲያየው መላጊያውን አስቀመጠ። የሰው ሳጥን አልነካም አለ። አባባ በበርኖሳቸው ተጀቡነው ወጡ። ሰውየው እኔ ነኝ፣ ቆሜ እያየሁህ ነው፣ ላገው አሉት። ላገው።

ሽታው ቤቱን ሞላው። ላዩ የወይን ጠጅ ቀለም አወጣ። በሙጫና በእንጨት ችንካር ተገጣጠመ፣ ምስማር አልገባበትም። ከታች የወይራ እግር አለው። እግሮቹን የቤቱን ወለል ቆፍረን ቀበርናቸው፣ አፈሩን ደለደልን። የትም አይሄድም አሁን።

ጎረቤታችን ወ/ሮ እቴነሽ ውሃ ስትቀዳ የአባቷን ሳጥን ጠረጴዛ አደረገችው ብላለች አሉ። ትበል። አንጀቴን ግን አቃጥላዋለች።

መጋቢት 26

ሆነ። ክርናቸውን ያሳርፋሉ፣ እጃቸው ይረጋል። ጥዱ አይቀዘቅዝም፣ ብራናውን ይይዛል። በቀን አንድ ገጽ፣ አንዳንዴ ተጨማሪ። ቃሉን እያነበነቡ ነው የሚጽፉት። የተማሪዎቼን ፈተና እዚያው ጥግ ቁጭ ብዬ አርማለሁ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ግን ፊታቸው ከስቷል። እህል አይወስዱም።

ሚያዝያ 11

ብዕሩ ከእጃቸው ወደቀ። አንስቼ ሰጠኋቸው። ወደቀ። ጠረጴዛው ንቅንቅ አላለም። ቀኝ እጃቸው ላዩ ላይ ተዘርግቶ ቀረ፣ እሱም አልተንቀሳቀሰም። ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ያው እድሜ ነው ተባልን።

ጥቂት ቅጠል ብራና ቀርቷል። መስመሩ ተሰምሯል፣ ባዶ ነው።

ማስታወሻዬ፣ ለአንቺ ልናገር። ከየካቲት ጀምሮ ጥፋቱ የእንጨት ይመስለኝ ነበር። ውሸቴን ነው፣ አይመስለኝም ነበር! አባቴ እየሄዱብኝ መሆኑን ላለማየት እንጨት ስመርጥ ነው የከረምኩት።

ሚያዝያ 12፣ ማለዳ

አባባ አስጠሩኝ። አንቺ ጨርሽው አሉ።

አይሆንም አልኩ። አንደኛ ሴት ነኝ፣ ካህናቱ ምን ይላሉ። ሁለተኛ በገዛ እጄ ብለው ነው የተሳሉት። የኔ እጅ ከገባበት ስለቱ ስለት አይሆንም።

ካህናቱን ለእኔ ተዪው አሉ። ከዚያ በደህናው በግራ እጃቸው መዳፌን ያዙ። ገለበጡት፣ አዩት። «ይኼስ እጅ የማን ነው?» አሉኝ።

መዳፌን እያየሁ ወደ ት/ቤት ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ

ፈቃድ ጠይቄ ከት/ቤት ተመለስኩ። የመቃ ብዕሩን ቀረጽኩ። አባባን አልጋቸው ላይ ትራስ ደግፌ፣ ፊታቸውን ወደ ጠረጴዛው አዞርኩ። እሳቸው ቃሉን ይላሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ነገ ጠዋት ከጸሎት በኋላ እንጀምራለን። ወስኛለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አስጨነቀኝና ነገርኳቸው። መጽሐፉን የሚያነብ ሁሉ የጸሐፊው እጅ የተለወጠበትን ቦታ ያውቀዋል አልኳቸው።

ይወቀው አሉ።