ግሉኮስ አይደለም

ለናፍቆቴ ለወንድሜ ለሮባ፣

ከአዳማ ሰላምታዬ ይድረስህ። የጋምቤላ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን።

አባባ ሦስተኛውን ኬሞ ማክሰኞ ወሰዱ። ነርሷ ገና የፈሳሹን ከረጢት ስትሰቅል፣ "ስኳር እያለብኝ ግሉኮስ? ወንጂ ሠላሳ ዓመት ስኳር ያመረትኩት አነሰኝ?" ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ።

"አባ፣ ሰው ሁሉ ግሉኮስ ይለዋል እንጂ ይሄ ጨውና ውሃ ነው። መድኃኒቱ ኩላሊትዎን ሳይጎዳ ታጥቦ እንዲወጣ ነው" አለቻቸው።

"ታዲያ ጨው ነው አትይም!" ብለው ዘረጉላት።

ቤትም ውሃ በሰዓት እየጠበቅኩ አጠጣቸዋለሁ። ይነጫነጫሉ፣ ግን ይጠጣሉ። ትናንት ዶክተሯ "ኩላሊታቸው ደህና ነው" ስትለኝ እዚያው ኮሪደሩ ላይ እልል አልኩ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ሌላ ምን አለ? ፎቶ መነሳት የማይወዱት አባባ፣ ከሆስፒታሉ ስንወጣ ኮታቸውን አስተካክለው "አንሺኝ" አሉኝ። ለአንተ እንድልክልህ መስሎኝ ነበር። "በትልቁ አሳጥቢውና ለቀኔ አስቀምጪው" አሉኝ።

አላሳጠብኩትም። ፈቃድህን ለገና ከምታቆየው በዚህ ወር ውሰደውና ና፤ አብራችሁ ትነሳላችሁ።

በጌታ ሰላም ቆየኝ።

እህትህ ቦንቱ