ባዶ አድርጌ ስላቆየሁልዎ መሬት

ለክቡር ሄር ዶክተር አርኑልፍ ብሬመሽታይን
የኤርፖርት ፈጣን ባቡር ዝግጅት ቢሮ ኃላፊ
ፍራንክፈርት አም ማይን

ጥቅምት 8 ቀን 2007 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የምጠይቀው ለወግ ያህል አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድ ባቡር ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ወገባቸውን ሳያማቸው አይቀርም ብዬ ስለምሰጋ ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ብቻ ጉልበቴ ያስቸግረኛል። አሁን ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባቡሩ ይመጣል ያሉኝ ጊዜ ስልሳ ነበርኩ።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ በመጻፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እርስዎ በማይገባኝ ጀርመንኛ ዘጠኝ ዓመት ሲጽፉልኝ አንድም ቀን ይቅርታ አልጠየቁምና፣ ከሁለታችን አንዳችን መጠየቅ አለብን ብዬ ነው። የሚወጣው እዚህ ያለን ኢትዮጵያውያን ባቋቋምነው ማኅበር መጽሔት ላይ ነው። ቢሮዎ አስተርጓሚ እንዳለው በየብሮሹሩ ጀርባ በስድስት ቋንቋ ተጽፎ ስላየሁ፣ ይደርስዎታል ብዬ አምናለሁ።

እርስዎ ነገሩን ያውቁታል፤ መጽሔቱን የሚያነቡ ወገኖቼ ግን ስለማያውቁት ከመጀመሪያው እንዳስረዳቸው ይፍቀዱልኝ። እዚህ ኡንተርሊደርባህ፣ ፍራንክፈርት ዳር ባለው ሰፈራችን፣ ከቤቶቹ ጀርባ፣ ለነዋሪ የሚከራዩ ትናንሽ የአትክልት ቦታዎች አሉ። ቁጥር 47 የእኔ ነው። በእናንተ አቆጣጠር በ2005 ኅዳር ላይ ተከራዮቹን ሁሉ አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ሰብስበው፣ ከከተማው ተነሥቶ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ኤርፖርት የሚያደርስ ባቡር በአትክልቶቻችን ላይ እንደሚያልፍና በ2009 ሥራ እንደሚጀምር ነገሩን። ሰዉ ጮኸ። አንዱ ጽጌረዳዬን አለ፣ ሌላው ጎጆዬን አለ። እኔ እጄን አውጥቼ ተነሣሁና በዚያን ጊዜ በነበረኝ ጀርመንኛ፣ “ልጆቻችን ኤርፖርት ይሠራሉ። ባቡሩ ይምጣ። የእኔን ውሰዱ” አልኩ። ይህን ያልኩት እንደ ሰሎሜ ያሉትን አስቤ ነው። ሰሎሜ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር፣ ኤርፖርት በጽዳት የምትሠራ ልጅ ናት። ኤርፖርቱ ከፊት ለፊቷ ነው፤ እሷ ግን መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ እስከ ዋናው ባቡር ጣቢያ ትሄድና ከዚያ ደግሞ ወደፊት ትመለሳለች። እርስዎም ከመድረኩ ወርደው እጄን ጨበጡኝ፤ ፎቶም አስነሡኝ።

በወሩ አንድ የእገዳ ደብዳቤ መጣልኝ። የእገዳውን የጀርመንኛ ስም ልጽፈው ብሞክር መስመሩ አልበቃኝም፤ በአማርኛ “አትንኩ” ማለት ነው። መስመሩ እስኪሠራ ድረስ ዛፍ መትከል ክልክል፣ ጎጆ ማደስ ክልክል፣ በጥልቅ መቆፈር ክልክል። በዚያ ሰሞን ከፍሬው ያበቀልኩት አንድ የኮክ ችግኝ ነበረኝ። ቁመቱ እስከ ጉልበቴ ነበር። መሬት ልሰጠው ስል እርስዎ አትንኪ ስላሉኝ በባልዲ አድርጌ ሰገነቴ ላይ አስቀመጥኩት። ለአራት ዓመት ነው ብዬ ነበር።

እንግዲህ ለዘጠኙ ዓመት ያለኝን ምስጋና በቁጥር በቁጥሩ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ቀጠሮዎ አመሰግናለሁ። በ2009 ያሉት 2012 ሆነ፤ 2012 ያሉት 2016 ሆነ፤ ዘንድሮ በመጣው ወረቀት ደግሞ “ከ2020 በኋላ” ይላል። ሰሎሜ አፏ አያርፍምና፣ ቀጠሮን በጀርመንኛው ቴርሚን ብላ፣ “እማማ ጽጌ፣ ይሄ ሰውዬ ቴርሚን የሚሰጠው እንደ ዐይን ሐኪም ነው፤ እስኪደርስ ድረስ ዐይንሽ ይጠፋል” ትላለች። እኔ ግን ከሷ ጋር ተከራክሬልዎታለሁ። በእኛ አቆጣጠር ገና 2007 ዓመተ ምሕረት መሆኑን፣ እርስዎም 2009 ሲሉ ምናልባት አገሬን አክብረው በእኛ ቆጥረው ሊሆን እንደሚችል፣ እንደዚያ ከሆነ ደግሞ ሁለት ዓመት እንደሚቀርዎ አስረዳኋት። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ሁለተኛ፣ ስለ ክርክሩ አመሰግናለሁ። ባቡሩ በድልድይ ይሂድ ወይስ በመሬት ውስጥ በሚለው ላይ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ መከራችሁ። የድልድዮቹ ወገን የጥናት ወረቀት አመጣ፣ የመሬት ውስጦቹ ወገን የበለጠ ወፍራም አመጣ፤ በመጨረሻም ሁለቱ ታርቀው ሦስተኛ ጥናት እንዲጠና ተስማሙ። ለጣቢያው ስም ለማውጣት ውድድር አደረጋችሁ፤ አሸናፊዋ መምህርት አበባ ተሰጣት። በ2011 ደግሞ ባቡሩ እኛ ሰፈር ከቆመ ሁለት ደቂቃ ስለሚያጠፋ እንዳይቆም ተወሰነ። ዘጠኝ ዓመት የሚያዘገይ ሰው ለሁለት ደቂቃ እንዲህ ሲጨነቅ አይቼ አላውቅም። ገና ያልተሠራ ባቡር ደጄ ላይ ሳይቆም በአናቴ ላይ እንደሚያልፍ ቀድመው ስላሳወቁኝ፣ በከንቱ ወጥቼ እንዳልጠብቀው አድርገውኛልና ውለታዎ አለብኝ።

ሦስተኛ፣ ስለ እንሽላሊቶቹ። በአትክልቶቹ ጠርዝ፣ በድንጋዩ ሥር፣ በሕግ የሚጠበቁ እንሽላሊቶች መኖራቸው በ2010 ተደረሰበት። ባለሙያ መጥቶ ቆጠራቸው፤ ሠላሳ አንድ ሆኑ። በዓመቱ ፀሐይ የሚያገኝ አዲስ መኖሪያ፣ የድንጋይ ክምር፣ ለብርዱ ወራት መግቢያ ጉድጓድ ተሠርቶላቸው በሰላም ተዛወሩ። ሰሎሜ ሁለት ልጆች ይዛ አንድ ክፍል ውስጥ ሰባተኛ ዓመቷን ቤት ትጠብቃለች። ፍጥረት ነውና አልቀናባቸውም። ማመልከቻቸውን ማን እንደሞላላቸው ግን ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አራተኛ፣ ስለ ፎቶዬ። “ዜጎች ለባቡሩ ቦታ ይለቃሉ” ከሚለው ጽሑፍ ሥር በየዓመቱ ታወጡኛላችሁ። እዚያ ላይ ፀጉሬ ጥቁር ነው፤ እስቃለሁም። የልጅ ልጄ ቤዚ የዘንድሮውን አይታ በጀርመንኛ ይህች ማን ናት ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ነኝ ስላት አላመነችም። ከዚያ ወዲህ ሌላ ፎቶ ያላነሣችሁኝ ስለምታዝኑልኝ ይመስለኛል።

አምስተኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ፤ መታገሥን ከእርስዎ ነው የተማርኩት።

ቀያሾችዎ በየጊዜው ይመጣሉ። በሦስት እግር የሚቆም መሣሪያቸውን ጎመኔ መካከል ተክለው ያንኑ መሬት እንደገና ይለካሉ። ከአምናው ያጠረ እንደሆነ ብለው ይሆናል። በእኛ ወግ፣ በግቢዬ ሲለፋ የዋለ ሰው ሳይበላ አይሄድም። ስለዚህ በመጡ ቁጥር ከዚያው ከቦታዬ ጎመን ቀንጥሼ፣ ድንች አውጥቼ ሠርቼ፣ ዳቦ ጋግሬ አቀርብላቸው ነበር። አምስት ጊዜ መጡ፣ አምስት ጊዜ አበላኋቸው። መልካም ልጆች ናቸው። አንደኛው ቃሪያውን ነክሶ ሲያለቅስ ጓደኛው፣ “ይህን ደግሞ ለካው እስቲ” አለው፤ ሦስታችንም ሳቅን።

ባለፈው ነሐሴ የባቡሩ ዕቅድ ሰነድ ለሕዝብ መታያ እንደቀረበ ሰማሁና ወደዚያው አዳራሽ ሄድኩ። ሰሎሜ ከእኔ ጋር መጥታ ነበር፤ ክምሩን ስታይ፣ “እማማ፣ እኔ ነገ ሥራ አለኝ” ብላ ተመለሰች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የጀርመኑን ደግሞ ከዚያም በኋላ ነው። ስለዚህ አልቸኩልም። ጣቴን እያስኬድኩ፣ መዝገበ ቃላቴን አጠገቤ አድርጌ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ገጽ 212 ላይ ራሴን አገኘሁት። እንዲህ ይላል፦ ቦታ ቁጥር 47፤ የቀያሾች አቀባበል ሞቅ ያለ፤ ምግብ ቀርቧል፤ ተከራይዋ በመዘግየቱ ቅር አልተሰኘችም፤ ተቃውሞ የለም። በ2007፣ በ2009፣ በ2010፣ በ2012፣ በ2014፤ አምስት ጊዜ። ከሥሩም፣ በዚህ ወገን ያሉ ተከራዮች ፈቃደኛ መሆናቸው በተደጋጋሚ ስለተረጋገጠ እገዳው ለተጨማሪ አራት ዓመት ቢራዘም የሚጎዳ ሰው የለም ይላል። ፊርማው የእርስዎ ነው።

የጎረቤቴን የፍራው ኬምፐርንም አነበብኩ። እሷ ቁጥር 46 ናት። ቀያሾቹን በዝናብ በር ላይ አቁማ አላስገባ ብላ ነበር፤ ሦስት የተቃውሞ ደብዳቤም በአደራ ፖስታ ልካለች። የእሷ ቦታ በ2012 ከእገዳው ወጣ። ዛሬ አዲስ ጎጆ አላት፤ የቼሪ ዛፏም አጥሬን አልፎ ጎመኔን ያጠላዋል። ሰው እንዴት እንደሚከበር ከእናንተ ዘንድ ለመማር ጊዜ ወሰደብኝ።

ተቃውሞ ለማቅረብ በተፈቀደው አራት ሳምንት ውስጥ፣ በገዛ እጄ፣ በጀርመንኛ፣ አንድ ገጽ ተቃውሞ ጻፍኩልዎ። ያለ ማጋነን አሥራ አንድ ጊዜ ነው የገለበጥኩት። በውስጡ የነገርኩዎ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያ የኮክ ችግኝ ሦስት ባልዲ ቀይሮ አሁን በርሜል ውስጥ ነው፤ ዘንድሮ ሥሩ በርሜሉን ሰንጥቆ ወጣ፤ ቅጠሉ በሐምሌ ረገፈ። ከብርድ በፊት መሬት ካልገባ ይሞታል። ሌላ ከፍሬ ላብቅል ብል ደግሞ፣ አራት ዓመት ጠብቄ፣ ከዚያ ሌላ አራት ዓመት ፍሬውን ጠብቄ፣ ማን እንደሚበላው አላውቅም። ይህችን አንዲት ዛፍ ልትከል ብዬ ለመንኩዎ።

መልስዎ በዘጠኝ ቀን ደረሰኝ። ባቡሩ ዘጠኝ ዓመት፣ እምቢታው ዘጠኝ ቀን። እንዲህ ያለ ፍጥነት በቢሮዎ መኖሩን ባለማወቄ እስከ ዛሬ በከንቱ አምቼዎታለሁ። ደብዳቤው በአክብሮት የተሞላ ነው። ተቃውሞዬ “ተከራይዋ ከዚህ በፊት በተደጋጋሚ ካሳዩት በጎ አቀባበል ጋር ስለማይጣጣም” ተቀባይነት እንዳላገኘ ይገልጻል። ስለዚህ በራሴ ላይ የፈረድኩት እኔው ነኝ፤ የፈረድኩትም በጎመን ነው።

ክቡር ሆይ፣ ነገሩን ላጠቃልል። ይህ ደብዳቤ በወጣ በሳምንቱ ቅዳሜ ዛፉን እተክለዋለሁ። ጉድጓዱን እንደ ደንባችሁ ሳይሆን እንደ ሥሩ ልክ አስቆፍረዋለሁ። ይህን የሚቃወሙ ከሆነ መልስ እንዲሰጡ የአራት ሳምንት ጊዜ አለዎት። መልሱ በጽሑፍና በአማርኛ መሆን አለበት። በጊዜው ካልደረሰኝ እንደ ተስማሙ እቆጥረዋለሁ፤ ይህን ሕግ ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ እንደማይከፋዎ ተስፋ አለኝ። በዚያ መካከል ድንገት ባቡሩ ከመጣ ዛፉን እቆርጥልዎታለሁ። መጥረቢያውን ይዤ የምቆመው ግን ባቡሩን በዐይኔ ካየሁ በኋላ ነው።

ወንበርዎን አምላክ ያጽናልዎ፤ ዕድሜዎንም እንደ ቀጠሮዎ እያራዘመ ጡረታዎን በሰላም ለማየት ያብቃዎት እያልኩ፣ በደብዳቤዎ “የተከበሩ ተከራይ” ላሉኝ አጸፋውን በታላቅ አክብሮት እመልሳለሁ።

ጽጌ ፍሬው
የቦታ ቁጥር 47 ተከራይ
ኡንተርሊደርባህ

ይድረስልኝ ብዬ የጨመርኩት፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ሳሽግ ከቢሮዎ ሌላ ወረቀት መጣ። በሚቀጥለው ወር ቀያሾቹ ለስድስተኛ ጊዜ እንደሚመጡ፣ ዝግጅቱ ወደ አሥረኛ ዓመቱ መግባቱም ሲከበር “ከአገሬ የሚጣፍጥ ነገር” ይዤ እንድገኝ ይጋብዛል። ቀያሾቹ ይምጡ፤ በሩን አልዘጋባቸውም፤ ዝናብ ከሆነም ጎጆው ውስጥ ይጠለሉ፤ የሚያፈስ ቢሆንም። የሚቀጥለውን ቃል ስጽፍ እናቴ ብታየኝ ፊደል የቆጠርኩበትን ቀን ትረግመው ነበር። ቢሆንም በሰነዱ ላይ በትክክል እንዲገባ ራሴ ጽፌ ሰጥቼዎታለሁ፦ ከእንግዲህ አላበላም።